በእግር የሚደረስ ዓለም፦ ስካይሪምን እውነት እንዲመስል አድርጎ የመጫወት መመሪያ

ባለፈው ሐረር አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። ልጇ መደቡ ላይ ተጋድሞ ላፕቶፑን ሆዱ ላይ አስቀምጦ ስካይሪም የሚባለውን ጌም ይጫወታል። ጁገል ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ዓይኑን በጨርቅ አስራችሁ ሸዋ በር ላይ ብትለቁት ግድግዳ እየዳበሰ ቡዳ በር ይደርስላችኋል። እስቲ ልፈትነው አልኩና ስለ ሁለት የጌሙ ከተሞች ጠየቅኩት።

«ከዋይትረን ወደ ሪፍተን በየት በኩል ነው የሚኬደው?»

«አቦ፣ ምን በየት አለው! ካርታው ላይ ትጫነዋለህ፣ ይወስድሃል።»

ሁለት መቶ ሰዓት ተጫውቷል። መንገዱን አያውቀውም። ከዚያ ደግሞ «ጌሙ ሰለቸኝ፣ የምር አይመስልም፣ ጥሩ ግራፊክስ ያለው ሞድ ፈልግልኝ» አለኝ። ሞድ ማለት ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር ነው።

ይህን የጻፍኩት መጀመሪያ ለእሱ ነው። ግን ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ጌሙ እውነት አልመስል ሲል ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ ግራፊክስ ነው። የሚያብረቀርቅ ውኃ፣ ቅጠሉ የሚቆጠር ዛፍ። እኔ ግን በዚህ አላምንም። ጌሙን ሐሰት የሚያደርጉት አቋራጮቹ ናቸው። አቋራጮቹን አንድ በአንድ ስትዘጉ ያው የድሮው ጌም አገር ይሆናል።

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከድሬ ሙቀት ትነሳላችሁ፣ የደንገጎን ዳገት ትያያዙታላችሁ፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ላብ ይደርቃል፣ መስኮት ዝጉ የሚል ሰው ይነሳል። ሐረር ስትደርሱ 700 ሜትር ያህል ወጥታችኋል፤ ሹራብ ያልያዘ ይቆጨዋል። አንድ ሰው ጣቱን ካርታ ላይ ጭኖ ፈረስ መጋላ ቢገኝ ሐረርን አየሁ ሊል ይችላል? አክስቴ ልጅ ስካይሪምን ያየው እንደዚያ ነው።

ምሳሌዎቼን ሁሉ የምወስደው ከስካይሪም ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ጌም ስለሆነ ያረጀ ላፕቶፕም ይችለዋል፣ ሰውም ያውቀዋል። ሐሳቡ ግን ለዊቸር 3ም ሆነ ለሌላ ክፍት ዓለም ጌም ይሠራል።

ከሁሉ በፊት፦ ላፕቶፑ

የ2011ዱ እትም 2 ጊጋ ራም ባለው ማሽን ይነሳል። በ2016 የወጣው ስፔሻል ኤዲሽን ግን ቢያንስ 8 ጊጋ ይፈልጋል። የሚሻለው ስፔሻል ኤዲሽኑ ነው፤ 64 ቢት ስለሆነ ሞድ ሲበዛበት እንደ አሮጌው ቶሎ አይወድቅም።

እኔ የምጫወትባት ድሬ ላይ ትልቁ ጠላት ድራጎን ሳይሆን ሙቀት ነው። ቀን 8 ሰዓት ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ ጌም መጫወት ምድጃ መለኮስ ማለት ነው። ላፕቶፑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጌሙ መንተባተብ ይጀምራል፣ እናንተም ከዓለሙ ትወጣላችሁ። ስለዚህ፦ ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት። ከኋላው ሁለት የጠርሙስ ክዳን አድርጉና ከፍ በሉት። የፍሬም ብዛቱን፣ ማለትም በሴኮንድ የሚታየውን የምስል ብዛት፣ 30 ወይም 40 ላይ ገድቡት። ዝም ብሎ የሚሄድ 30 ከሚዘል 55 በብዙ ይሻላል። ከ60 በላይ ግን በፍጹም አትልቀቁት። በስካይሪም የዕቃዎች እንቅስቃሴ ከፍሬሙ ጋር የታሰረ ነው። ከ60 ካለፈ ቤት ስትገቡ ሰሃንና ድስቱ በራሱ ይበራል። ቃልቻ የመጣ ነው የሚመስለው።

አንድ፦ ከስክሪኑ ላይ ጽዳት

ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለውን ክፈቱ። የኤችዩዲ ኦፓሲቲ የምትባል መስመር አለች። ኮምፓሱን፣ የጤናና የጉልበት መስመሮቹን የምታደበዝዘው እሷ ናት። መጀመሪያ ግማሽ ላይ አድርጓት፣ ከሳምንት በኋላ ወደ ዜሮ አውርዷት። ሴቲንግ ውስጥ ፍሎቲንግ ማርከርስ የሚለውንም ፈልጋችሁ አጥፉ። ሰው ራስ ላይ የሚንሳፈፈው ቀስት ይጠፋል። የመሀሉን የዒላማ ነጥብም አጥፉት፤ በቀስት የምትዋጉ ከሆነ መጀመሪያ ትሰቃያላችሁ፣ ትለምዱታላችሁ።

አሁን ትጠፋላችሁ። ይህ የታሰበበት ነው። ሐረር አዲስ የገባ ሰው በ368ቱ ጠባብ መንገዶች ውስጥ ይጠፋል፤ ከጠፋ በኋላ ግን ያንን ቦታ አይረሳውም። ሰው ይጠይቃል፣ «ፈረስ መጋላን ይዘህ ውረድ፣ የልብስ መኪና ድምፅ ስትሰማ ደርሰሃል» ይሉታል።

ችግሩ የስካይሪም ሰዎች እንደ ሐረር ሰዎች መንገድ አያስረዱም። ቀስቱ እንዳለ ታስቦ ስለተሠራ «እዚያ ዋሻ ሂድ» ብለው ዝም ይላሉ። በ2002 የወጣው የዚሁ ተከታታይ ጌም ሞሮዊንድ እንዲህ አልነበረም። ቀስት ስለሌለው ድልድዩን ተሻገር፣ ከዚያ ወደ ግራ እያለ በቃል ይነግራችሁ ነበር። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ካርታ የማየው ማታ ማደሪያ ቤት ስገባ ብቻ ነው። የነገውን መንገድ አያለሁ፣ ወንዙንና ተራራውን በወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ እዘጋለሁ። ጠዋት በወረቀቷ እሄዳለሁ። መንታ መንገድ ላይ የእንጨት ምልክቶች አሉ፤ የከተማ ስም ተጽፎባቸዋል። አክስቴ ልጅ በሁለት መቶ ሰዓት አንዱንም አንብቦ አያውቅም ነበር።

ፈጽሞ ግራ ከገባችሁ ክሌርቮያንስ የሚባል የጀማሪ አስማት አለ። መሬቱ ላይ መንገዱን በጭስ ያሳያል። ቀስት ከማብራት ይሻላል፣ ቢያንስ የአስማት ኃይል ያስከፍላል።

ሁለት፦ ፈጣን ጉዞን መተው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ካርታ ላይ ተጭኖ መብረር ቀረ። በምትኩ በእግር፣ በፈረስ፣ ወይም በጋሪ። ከአምስቱ ትልልቅ ከተሞች ማለትም ከዋይትረን፣ ከሶሊቲዩድ፣ ከማርካርዝ፣ ከሪፍተንና ከዊንድሄልም ውጭ ጋሪ ቆሞ ይጠብቃል። ወደ ትልልቆቹ 20 ወርቅ፣ ወደ ትናንሾቹ 50 ወርቅ ያስከፍላል። ሂሳቡ ግር ይላል፤ ግን የእኛም ባለ ሚኒባስ ወደ ገጠር ሲሆን ዋጋ ይጨምር የለ?

በእግር ስትሄዱ ምን እንደሚመጣ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከዋይትረን ወደ ምሥራቅ ወንዙን ይዛችሁ ስትወርዱ ቫልታይም የሚባሉ ሁለት ማማዎች ታገኛላችሁ። በመሀላቸው ድልድይ ተዘርግቷል። አንዲት ሽፍታ ትወጣና 200 ወርቅ ካልከፈላችሁ አታልፉም ትላለች። ኬላ ማለት ነው። መክፈል፣ መዋጋት፣ ማባበል ወይም በወንዙ ማዶ ዞሮ ማለፍ ይቻላል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ኪሴ ውስጥ 60 ወርቅ ብቻ ነበረኝ። ማዶ ዞሬ ገደል ስወርድ መሸብኝ፣ ተኩላ መጣ፣ ሮጬ ውኃ ውስጥ ገባሁ። ይህ ሁሉ ማንም የጻፈው ታሪክ አይደለም። ካርታ ላይ የሚጫን ሰው ግን በላዩ በርሮ ያልፋል።

እርምጃችሁንም አስተካክሉ። ካፕስ ሎክ ስትጫኑ ሩጫው ወደ መራመድ ይቀየራል። ከተማ ውስጥ ተራመዱ። ገበያ መሀል የሚሮጥ ሰው ሌባ ወይም እብድ ነው።

ሦስት፦ ሰዓቱን ማዘግየት

በስካይሪም አንድ ሙሉ ቀን በ72 ደቂቃ ያልቃል። ሰዓቱ ከእኛ 20 እጥፍ ስለሚሮጥ ነው። በጠዋት ተነስታችሁ ሁለት መንደር ሳታልፉ ይመሻል። በእግር መሄድ የጀመረ ሰው ወዲያው ይህ ይታወቀዋል።

ኮምፒውተር ላይ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችውን ቁልፍ ተጫኑ፣ የትእዛዝ መጻፊያው ይወርዳል። በእንግሊዝኛ ፊደል ‹ሴት ታይምስኬል ቱ 10› ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። አሁን ቀኑ 144 ደቂቃ ሆነ። እኔ የምጠቀመው 10ን ነው። 6 ብትሉት 4 ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያ በታች ግን አትውረዱ፣ የሰዎቹ ውሎ ይዛባል። 1 አድርጎ የሞከረ ጓደኛ አለኝ። ልክ እንደ እኛ ሰዓት ይሁን ብሎ ነው። ጌሙ ውስጥ መሽቶ ስለነበር ለሦስት ቀን ፀሐይ አላየም።

ሰዓት ካነሳን፦ ሱቆች ጠዋት 2 ሰዓት ተከፍተው ማታ 2 ሰዓት ይዘጋሉ። ጌሙ 8 ይላችኋል፣ የፈረንጅ ነውና ስድስት ቀንሱ። ደርሳችሁ ተዘግቶ ካገኛችሁት ወይት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ሰዓቱን አታስሩጡ። ማደሪያ ቤት ግቡ፣ 10 ወርቅ ክፈሉ፣ ተኙ። ወይትን እኔ ጨርሼ ትቼዋለሁ። ድሬ ላይ እኩለ ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጋደማል፤ ማን ሰዓቱን አስሩጦ ያስነሳዋል?

አራት፦ ሆድ፣ ብርድና እንቅልፍ

ስፔሻል ኤዲሽን ያላችሁ ሰርቫይቫል ሞድ የሚባለው የአጨዋወት ምርጫ በእጃችሁ ነው። በ2021ዱ ማሻሻያ በነፃ ተሰጥቷል። ሴቲንግ ውስጥ ጌምፕሌይ ላይ ይበራል፣ ይጠፋል። የሚያደርገውን ባጭሩ፦

ረሃብ ጉልበታችሁን ይቀንሳል። ድካም የአስማት ኃይላችሁን ይቀንሳል። ብርድ ጤናችሁን ይቀንሳል። ቁስል በራሱ አይድንም። ካልተኛችሁ ደረጃችሁ አያድግም። የምትሸከሙት ይቀንሳል፣ የቀስት ፍላጻና የቁልፍ መክፈቻ እንኳን ክብደት አለው። ፈጣን ጉዞም ይዘጋል፤ ስለዚህ ራሳችሁን የማታምኑ ከሆነ ሁለተኛውን እርምጃ እሱ ያስከብርላችኋል።

ብርዱ የምር ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በሰኔ ሙቀት፣ ማራገቢያ ፊት ተቀምጬ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ፣ ዊንተርሆልድ መንገድ ላይ በብርድ ሞቻለሁ። እናቴ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «በረዶ ገደለኝ» አልኳት። ዝም ብላ ውኃ አመጣችልኝ።

እንዳትሞቱ፦ ወደ ሰሜን ስትሄዱ የፀጉር ልብስ ልበሱ፣ ሙቀት የሚሰጠው እሱ ነው። ችቦ ያዙ፣ ትንሽ ያሞቃል። ትኩስ ሾርባ ከዳቦ ይበልጣል፣ ብርድንም ያስታግሳል። ጥሬ ሥጋ አትብሉ፣ ይመርዛል። ጥሬ ሥጋ ለምን ይመርዛል ብላችሁ ብትከራከሩ አልፈርድባችሁም፤ ጌሙን የሠሩት ቁርጥ አያውቁም። በረዷማ ውኃ ውስጥ አትዋኙ።

ሦስተኛውን እርምጃ ከሠራችሁ ረሃቡ ቶሎ ቶሎ አያስቸግራችሁም፤ የሚቆጥረው በጌሙ ሰዓት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ልኩን ያገኛሉ። ሰዓቱ በ20 ሲሮጥ ግን በየአምስት ደቂቃው የምትበሉ ሕፃን ትሆናላችሁ፣ ብዙ ሰው ሰርቫይቫልን ጠልቶ የሚተወው በዚህ ይመስለኛል።

የጭካኔ ደረጃውን፣ ማለትም ዲፊከልቲን፣ ከፍ አታድርጉት። ሌጀንደሪ ላይ የእናንተ ምት ሩብ ይሆናል፣ የጠላት ምት ሦስት እጥፍ። አንድን ሽፍታ አርባ ጊዜ በጎራዴ መምታት እውነት አይደለም። አዴፕት ላይ ተዉት፤ እዚያ ለእናንተም ለጠላትም እኩል ነው።

አምስት፦ ጆሮ

ይህ ርካሹና ትልቁ ለውጥ ነው። ኦዲዮ ውስጥ ገብታችሁ ሙዚቃውን ዜሮ አድርጉት። አዎ፣ ሙዚቃው ቆንጆ ነው። ግን ጠላት ሲመጣ ከበሮ መምታት ይጀምራል፣ ተኩላው ገና ሳይታይ ታውቁታላችሁ። የማንም ሕይወት ላይ ከበሮ አይመታም። የእግር ኮቴና የሌሎች ድምፆችን መስመር ሙሉ አድርጉ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰኩ።

ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ዓይን ሳይገለጥ በጆሮ የሚታወቅ መንገድ። ጌሙም እንዲህ ያለ ነገር አለው፣ ሙዚቃው ሸፍኖት ነው እንጂ። ሪቨርዉድ የምትባለው መንደር ስትደርሱ መጀመሪያ የወንዙ ድምፅ፣ ከዚያ የእንጨት መሰንጠቂያው፣ ከዚያ አንጥረኛው ብረት ሲቀጠቅጥ ይሰማል። ሌሊት ዋሻ ውስጥ ደግሞ የራሳችሁ ኮቴ ብቻ። እኔ አንድ ቀን መብራት አጥፍቼ ስጫወት ጣሪያው ላይ ድመት ዘለለችና ማዳመጫውን ወርውሬ ተነሳሁ።

ስድስት፦ ሌሊት ሌሊት ይሁን

የስካይሪም ሌሊት ሰማያዊ ቀን ነው። ሁሉ ነገር ይታያል። ሐረር ላይ ግን ሲመሽ ከተማው ባለቤት ይለውጣል። በግንቡ ሥር ጅቦቹ የሚገቡበት ቀዳዳ አለ፤ ከግንቡ ውጭ በእጅ ሥጋ የሚያበላቸው ሰውም አለ። ልጅ ሆነን ማታ ወጥተን ስንመለስ ጥላ ሲንቀሳቀስ ጅብ ይሁን ውሻ ሳንለይ እንሮጥ ነበር። ሌሊት ማለት ይሄ ነው።

ቀላሉ መንገድ ብራይትነሱን ትንሽ ዝቅ ማድረግና ክፍሉን አጨልሞ መጫወት ነው። ጥሩው መንገድ ሌሊቱን የሚያጨልም ሞድ ነው። ያኔ ችቦ ዕቃ ይሆናል፣ ጨረቃ ያለችበት ሌሊት ከሌለችበት ይለያል፣ ማደሪያ ቤት ሳይጨልም መድረስ ግዴታ ይሆናል። አታብዙት ግን። አንድ ሞድ ጭኜ ከዋይትረን በር ውጭ ስክሪኑ ጥቁር ሰሌዳ ሆኖብኝ መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር።

ሰባት፦ ማን ናችሁ?

እስካሁን ያለው ሴቲንግ ነው። ይሄኛው ራሳችሁ ላይ የምታወጡት ሕግ ነው፣ የሚጠቅመውም ይሄኛው ነው።

ሁሉም ሰው ያው የተመረጠው ጀግና ነው፣ በሦስተኛው ቀን ድራጎን ይገድላል፣ በአሥረኛው ቀን የሌቦችም የአስማተኞችም የወታደሮችም አለቃ ይሆናል። ሥራ ስጡት እንጂ! የእኔ ሰው ሲራራ ነጋዴ ነው። ድራጎን ጉዳዩ አይደለም። ከአንዱ ገበያ ገዝቶ ሌላው ገበያ ይሸጣል። ሕጎቹ እነዚህ ናቸው፦

ከሞተ ሰው ላይ የወርቅ ከረጢቱን እንጂ ሱሪውን አይገፍም። ሰው ቤት ገብቶ ድስት አይከፍትም። ከባድ ጦር ዕቃ አይለብስም። ብቻውን ሩቅ አይሄድም፤ ዋይትረን ውስጥ 500 ወርቅ ከፍሎ ጠባቂ ይቀጥራል። ሲሸጥ ደግሞ የባለሱቁን አቅም ያያል። ተራ ሸቀጥ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው 750 ወርቅ ገደማ ነው፣ አንጥረኛ ዘንድ 1,000፤ የሚሞላውም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ለተዋጊ ይህ የሚያናድድ ነገር ነው። ለነጋዴ ግን ገበያ ነው፤ ዛሬ ዋይትረን ከደረቀ ነገ ጋሪ ይዘህ ዊንድሄልም ትሄዳለህ።

ባዶ ሐሳብ ከመጣባችሁ ከሰፈራችሁ ሰው ጀምሩ። ድሬ፣ ከፊራ የሚባለው ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጠዋ ሴትዮ ስካይሪም ብትሄድ ምን ትሠራለች? እኔ እላችኋለሁ፣ በአንድ ወር ውስጥ የሶሊቲዩድን ገበያ ትይዘዋለች።

አንድ ደብተር ያዙ። በየምሽቱ ሁለት መስመር፦ የት አደርኩ፣ ምን ሸጥኩ፣ ማን ጋር ተጣላሁ። ደብተሩ ቀልድ ይመስላል። ከሳምንት በኋላ ጌሙን ስትከፍቱ «የት ነበርኩ?» አትሉም።

አንድ ቀን ደግሞ ምንም አትሥሩ። ሪቨርዉድ ውስጥ አንድ ሰው ምረጡና ከጠዋት እስከ ማታ ተከተሉት። ሲሠራ፣ ሲቀመጥ፣ ሲገባ። ሰዎቹ ውሎ አላቸው፤ አይተናቸው አናውቅም እንጂ።

ስምንት፦ ሴቭ እና መብራት

ፈረንጆቹ የሚመክሩት ጥብቅ ነው፦ ሴቭ የምታደርገው፣ ማለትም የደረስክበትን የምታስቀምጠው፣ ስትተኛ ብቻ፣ ከሞትክ ሞትክ። ደስ ይላል። ግን መብራት የሚሄድበት አገር የሚኖር ሰው አልጻፈውም። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪው ሞቷል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በበረዶ ተጉዤ፣ የማደሪያው ጭስ እየታየኝ፣ ድው።

ስለዚህ ሕጉን እንዲህ አሻሻልኩት፦ ሴቭ በፈለግሁ ጊዜ፣ ሎድ ማለትም ወደ ሴቩ መመለስ ግን መብራት ሲሄድ ወይም ስሞት ብቻ። ኤፍ5ን በየአሥር ደቂቃው እጫናለሁ። ስሳሳት፣ ስሰረቅ፣ ስሸነፍ ወደ ኋላ አልመለስም። ከሞትኩ ወደተኛሁበት ማደሪያ እመለሳለሁ። በእጅ ሦስት አራት የተለያየ ሴቭ ይኑራችሁ። ሴቭ እያደረገ እያለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፣ አንድ ብቻ ከሆነ ቀብር ነው።

ዘጠኝ፦ ሞድ፣ አሁን ገና

ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አደረግሁት። አንድ ጊዜ አንድ ሱቅ ውስጥ በፍላሽ 140 ሞድ አስገለበጥኩ። «ምርጥ ምርጡን ነው የሰጠሁህ» ተባልኩ። በአንድ ሌሊት ሁሉንም ጫንኩ። ጠዋት ዋይትረን ስገባ ላሞቹ ሐምራዊ ነበሩ። የበሩ ዘበኛ አንገት የለውም። በአራተኛው ደቂቃ ክራሽ አደረገ። ያልተገኘ ምስልን ጌሙ ሐምራዊ አድርጎ እንደሚያሳይ ያወቅሁት ያኔ ነው። የ60 ሰዓት ሴቬም አብሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው። ሞዶቹን ኔክሰስ ከሚባለው ድረ ገጽ ራሴ አወርዳለሁ፣ በሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል። ጌሙ ፎልደር ውስጥ በእጄ አልገለብጥም፤ ሞድ ኦርጋናይዘር 2 ወይም ቮርቴክስ የሚባሉት ነፃ ማስተዳደሪያዎች አሉ፣ የጫናችሁትን ሳያበላሹ ያወጡላችኋል። አንድ ሞድ ጭኜ ሃያ ደቂቃ እጫወታለሁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሞዶቹ የሚነሱበትን ቅደም ተከተል ሉት በሚባለው መሣሪያ አስተካክላለሁ። አዲስ ሰው ፈጥሬ መጫወት ከጀመርኩ በኋላ ሞድ መሀል ላይ አላወጣም፤ ሴቭ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚጫነው አንኦፊሻል ፓች የሚባለው ነው፣ የጌሙን ብዙ ስሕተት ያርማል። ከዚያ የሌሊት ጨለማ፣ ከዚያ አንድ የድምፅ ሞድ። ከዚያ ኦልተርኔት ስታርት፤ ሰውዬውን በእስረኛ ጋሪ ላይ ከመጀመር ይልቅ እንደ ተራ መንገደኛ እንድትጀምሩ ያደርጋል። ለነጋዴው የግድ ነው። ስካይዩአይ ዕቃ ዝርዝሩን ያቀልላል፣ ግን ስክሴ የሚባል ተጨማሪ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከጌሙ እትም ጋር ካልገጠመ አይነሳም። ስለዚህ ጌሙ የሚገዛበት ስቲም በራሱ እንዳያሻሽለው ማሻሻያውን ጌሙ ሲከፈት ብቻ የሚለው ላይ አድርጉት።

ግራፊክስ የግድ ካላችሁ 1ኬ ጥራት ያላቸውን ምስሎች ውሰዱ። 2ኬ አራት እጥፍ ማህደረ ትውስታ ይበላል፣ በላፕቶፕ ስክሪን ላይ ልዩነቱን ለማየት አፍንጫችሁን ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለባችሁ።

ፕሌይስቴሽን ላይ የምትጫወቱ ትእዛዝ መጻፊያ የላችሁም፣ ከውጭ የመጣ ምስልና ድምፅ ያለው ሞድም አይገባላችሁም። ሦስተኛው እርምጃ በትእዛዝ አይሆንላችሁም፤ ከአንድ እስከ ስምንት ያለው ሌላው ግን ይሠራል።

ላፕቶፓችሁ ስካይሪምን እንኳን ካልቻለ ዳገርፎል አለ። የ1996 ጌም ነው፣ ከ2009 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ዳገርፎል ዩኒቲ በሚባለው አዲስ ሥሪት ብታስነሱት ዓለሙ ጌም ሠሪዎች እስካሁን ከሠሩት ሁሉ ከሰፊዎቹ አንዱ ነው። መልኩ ያረጀ ነው። መንገዱ ግን አያልቅም።

አክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለልኝ። ሪፍተን በእግሩ ለመድረስ ሁለት ቀን እንደፈጀበት፣ መንገድ ላይ እንደራበው፣ የከተማዋ በር ላይ ዘበኛው ለመግባት ገንዘብ እንደጠየቀው በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ።

«ከፈልክ?» አልኩት።

«ምን ልከፍል አቦ፣ ብሩን ኬላው ላይ ጨርሼ! ሌላ በር ካላት እየዞርኩ ነው።»